ኮርቻውን የሳተው መንገድ

ላፍቶ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ወጋየሁ፤ ወይራ አምባ

እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከብቱ፣ እንሰቱ ደኅና ናቸው? እኔ አለሁ። ጆሮዬ ከድቶኛል፤ ጉልበቴም ሊከተለው ጓዙን እየሸከፈ ነው። ሌላው በቦታው አለ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ባለፈው ማክሰኞ ነው። የአውቶብሱ ሾፌር ኑሪ ለጎረቤቴ ለዙሌካ ሰጥቷት፣ እሷ ከሱቋ ይዛልኝ መጣች። ፖስታውን እያገላበጠች፣ "እትዬ ፀሐይ፣ በዚህ ዘመን ወረቀት የሚልክ ወይ ፍርድ ቤት ነው ወይ ሚስት ፈላጊ" አለችኝ። የእህቴ ባል ነው አልኳት። እህት እንደነበረችኝ አታውቅም። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ግቢ ኖረናል።

ስልክ ለምን እንደማላነሳ ጠይቀዋል። ባነሳው የሚሰማኝ እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ነገር ብቻ ነው። ሰው ሲያወራኝ አፉን ማየት አለብኝ። ይህን ማን ጻፈልሽ እንዳይሉኝ ደግሞ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ነፋስ ስልክ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ወለል ስጠርግ የፈረምኩት በአውራ ጣቴ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ከልጅ ልጆቼ በማትበልጥ አስተማሪ ፊት ቁጭ ብዬ ፊደል ቆጠርኩ፤ የልጅ ልጅ ቢኖረኝ ማለቴ ነው። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነኝ። የመድኃኒት ወረቀት አነባለሁ፣ የታክሲ ታፔላ አነባለሁ። ደብዳቤ የጻፈልኝ ሰው ግን የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። የመንገዱን ታሪክ የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሽ ብለዋል። ሌሎቹ ስለሞቱ ነው እንጂ እኔ ስለተመረጥኩ አይደለም።

መንገዱ የተጀመረው በ1972 በዚሁ በጥቅምት ወር ነው። ከቡታጅራው መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ፣ ሾላው ሥር፣ የመጀመሪያው ችካል ተተከለ። ከዚያ ሜዳውን ይዞ እስከ ድሮው የቆዳ ገበያ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከገበያው ወዲያ ጥቁር አፈር ነበርና ዶዘሩ ሰጠመ። የእኛ ሰው ምን ያደርጋል? አሥራ ስድስት በሬ ጠምዶ ሊጎትተው ሞከረ። በሬዎቹ ደከሙ እንጂ ዶዘሩ ንቅንቅ አላለም፤ የወጣው ፀሐይ አፈሩን ካደረቀው በኋላ ነው። ከዚያ በድንጋይ ተደላድሎ እስከ ደንገዞ ወንዝ ደረሰ።

ቀያሹ ኢያቄም የሚባል ቀጭን ልጅ ነበር። ሁልጊዜ ከሠራተኞቹ ቀድሞ እየሄደ ችካል ይተክላል። ችካሉን ከብት እንዳይነቅለው ገበሬ ማኅበሩ በየሰፈሩ ጠባቂ ሲመድብ ከደንገዞ ወዲያ ያለው ለእኔ ደረሰኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

እስከ ወንዙ ያለው ይኸው ነው። ከወንዙ ወዲያ ያለውን አላስታውስም።

መልስ ቢጽፉልኝ ኑሪ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል።

ፀሐይወርቅ


ወይራ አምባ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለፀሐይወርቅ

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደኅና ነን። የባሕር ዛፉ ነፋስ ጣሪያችንን ገልቦት ነበር፤ ጠገንነው። ደብዳቤሽን ለልጆቹ አነበብኩላቸው። ዶዘሩን በበሬ መጎተታችንን ሲሰሙ እስኪያነቡ ሳቁ። ከበሬዎቹ ሁለቱ የእኔ እንደነበሩ አልነገርኳቸውም።

ከወንዙ ወዲያ ያለውን አላስታውስም ያልሽውን ግን አልቀበልም። ከወንዙ ወዲያ ያለው የአባትሽ ደጅ ነው። ሰው የአባቱን ደጅ አይረሳም።

ጉዳዩን በደንብ ላስረዳሽ። መንገዱ አስፋልት ሊሆን ነው። እንደምታውቂው ወንዙን ከተሻገረ በኋላ ወደ ታች ታጥፎ ወደ ጨፌ ይወርዳል፤ የእኛን አገር ጀርባ ሰጥቶት ያልፋል። ጥናቱን የምትሠራው ሲና የምትባል ኢንጂነር መጥታ ቦታውን ዞራ አየች። "አባባ፣ ይህ መንገድ ወደ ኮርቻው ሊወጣ ተነስቶ መሀል ላይ ሐሳቡን የለወጠ ነው የሚመስለው" አለችኝ። በሁለቱ ተራሮች መካከል ባለው በኮርቻው ቢወጣ እኮ ወይራ አምባ መሀል ይገባ ነበር። የድሮው ፋይል አልተገኘም። መጀመሪያ የተቀየሰው በኮርቻው መሆኑን ማስረጃ ካቀረብን ግን አስፋልቱ ሳይፈስ እንደገና ይጠናል ብላለች። በጨፌ ከፈሰሰ ወይራ አምባ ሌላ ሃምሳ ዓመት በቃሬዛ ነው። እህትሽ አመለወርቅ ምጥ ይዟት ስናወርዳት መንገድ ላይ ካረፈች ወዲህ እንኳ አሥራ አንድ ሴቶች በዚያው ቀርተዋል።

የጨፌ ሰዎች ለቀያሹ ሙክት አርደውለት መንገዱን እንዳጣመመው አገር ሁሉ ያውቃል። አንቺ የችካሉ ጠባቂ ነበርሽ። ያየሽውን ጻፊልኝ።

ለእህትሽ አርባ ለምን እንዳልመጣሽ እስከ ዛሬ አልገባኝም። መልሺ ብዬ አላስገድድሽም።

ወጋየሁ


ላፍቶ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ወጋየሁ

ጣሪያው በመጠገኑ ደስ ብሎኛል። እዚህም ነፋስ አለ፤ የእኛን ቆርቆሮ ግን የሚያነሳ የለም፤ ባለቤቱ ጭምር።

አልገባኝም ያሉትን ነገር በሌላ ቀን እጽፍልዎታለሁ።

ወንድሜ መኩሪያ በዙሌካ ስልክ ደውሎ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው የደወለው። እኔ ስለማልሰማ ዙሌካ እየሰማች አፏን እያሳየች ነገረችኝ። ጨፌ ላይ ወፍጮው፣ ሱቁ፣ የልጁ ፎቅ ሁሉ መንገዱ ዳር መሆኑን፣ መንገዱ ከተነሳ እነሱም አብረው እንደሚነሱ፣ የአባቴ ልጅ ከሆንኩ አፌን እንድዘጋ። ዙሌካ ይህን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ በራሷ ቃል፣ "እትዬ፣ ወንድምሽ ጤናሽን ሳይጠይቅ ዘጋው" አለችኝ። ጤናዬን መቼ ጠይቆ ያውቃል።

ሰፈራችን ተቆፍሯል። መንገድ ሊያሰፉ ነው። ጠዋት ጠዋት ባለ ቢጫ ሰደርያ ልጆች መነጽራቸውን በሦስት እግር ላይ አቁመው በአንድ ዓይን ያያሉ። በረንዳ ላይ ተቀምጬ አያቸዋለሁ። ከሰው ሁሉ የማውቀው ሥራ የእነሱ ብቻ ሆኖ ይሰማኛል። አንዷ ቀርባ፣ "እማማ፣ እንዲህ አትኩረው የሚያዩን ቤትዎ እንዳይነካ ነው?" አለችኝ። ቤቱ የእኔ አይደለም አልኳት። ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። በዚያ ሳምንት ከሰው ጋር የተነጋገርኩት ይህን ብቻ ነው።

ስለ ቀያሹ አንድ ነገር ልበል። ያ ልጅ ሙክት አልበላም። የእኛን ቆጮ እንኳ በስንት ልመና ነበር የሚቀምሰው። በማላውቀው ነገር ስሙ ባይነሳ ጥሩ ነው።

ስለ ወይራ አምባ ይጻፉልኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ታድሷል? አመለ ያረፈችበት ቦታ አጥር አለው?

ፀሐይወርቅ


ወይራ አምባ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፀሐይወርቅ

ገናን በሰላም እንዳሳለፍሽ ተስፋ አለኝ። አጥር አለው። በየዓመቱ አድሰዋለሁ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ላፍቶ ነገርሽኝ፤ የጠየቅሁሽን ግን አልነገርሽኝም። ቀያሹ ሙክት አልበላም ካልሽ፣ ችካሉን ማን አጣመመው? እሱ ሄዶ እንደሆነ ከዚያ በኋላ ማን ነካው? "በማላውቀው ነገር" ብለሻል፤ የምታውቂውን ነው የምጠይቅሽ።

አቤቱታው የካቲት መጀመሪያ ላይ ይገባል። ቀያሹ በጉቦ እንዳጣመመው ጽፈን አንቺን ምስክር አድርገናል። ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ፈርመሽ ላኪ።

ወጋየሁ


ላፍቶ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ወጋየሁ

የላኩልኝን ወረቀት አልፈረምኩም፤ ይኸው መልሼዋለሁ። በሐሰት የተናገርኩት ይበቃል።

ችካሉን የነቀልኩት እኔ ነኝ።

ኢያቄም ከደንገዞ እስከ ኮርቻው ድረስ ዘጠኝ ችካል ተክሎ ሳለ ለዘመቻ ተጠራና ሄደ። ችካሎቹ የእንሰት ጓሯችንን መሀል ለመሀል ሰንጥቀው ነበር የሚያልፉት። እንሰቱን የተከለችው እናቴ ናት፤ ለመብል ሳይደርስ ሞተች። ያን ዓመት አባቴ ታሞ ተኝቷል። እንሰቱ ከተቆረጠ በዚህ ቤት ሰው አይኖርም አለኝ። ጠባቂዋ አንቺ ነሽ፣ ከብት ነቀለው ብትዪ ማን ይጠይቅሻል አለኝ። እሑድ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ሲሄድ፣ ዘጠኙንም ነቅዬ ከጓሯችን በታች አርባ እርምጃ ያህል አውርጄ ተከልኳቸው። የድሮውን ጉድጓድ በአፈር ደፍኜ ሣር አለበስኩት።

እንዲህ ብለው ያስቡኝ ጋሽ ወጋየሁ፤ መንገዱን ላስቀር አልነበረም። ከእንሰቱ በታች ዞሮ ተመልሶ ወደ ኮርቻው የሚወጣ መስሎኝ ነው። እኛ የምናውቀው የእግር መንገድ ነው። የእግር መንገድ ድንጋይ ሲገጥመው ይዞረውና ወደ ሐሳቡ ይመለሳል። የመኪና መንገድ ዳገቱን ከሩቅ ጀምሮ ቀስ እያለ ካልያዘ እንደማይወጣው ማን ነግሮኝ?

በኢያቄም ቦታ የመጣው ሽማግሌ ቀያሽ ችካሎቹን አየ፣ ኮርቻውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዶዘሩ ሰው ጋር ቆመው ሲነጋገሩ ከአጠገባቸው ነበርኩ። ያኔ ጆሮዬ ይሰማ ነበር። "ከዚህ ተነስቶ ወደ ላይ አይወጣም፤ ዳገቱ ገደል ነው። በጨፌ አውርደው" አለ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አፌን አልከፈትኩም። በሦስተኛው ቀን ዶዘሩ ወደ ታች ዞረ።

አመለ ከእናንተ ዘንድ ወርዳ መጥታ አየችው። አጠገቤ ቆማ፣ "የእኛስ ተራ መቼ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ይመለሳል አልኳት። እያወቅሁ ነው ያልኳት።

በግንቦት 1973 እናንተ በቃሬዛ ይዛችኋት ስትወርዱ እኔ ደጃፍ ላይ ነበርኩ። የመኪናው መንገድ እስክትደርሱ ነው ያልቆየችው። ቀብሯ ላይ ሰዉ ሁሉ ቀያሹን ሲረግም አብሬ ረገምኩት። ለአርባዋ ያልመጣሁት ለዚህ ነው። ሁለተኛ ጊዜ አብሬ ልረግም አልቻልኩም፤ ከአርባው በፊት ወደ አዲስ አበባ ገባሁ። እንሰቱም አልቀረልንም፤ በሁለት ዓመቱ በሽታ ገብቶ አጠወለገው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው።

ዝም ያልኩት ለወንድሜ ፎቅ ብዬ እንዳይመስልዎ። በጥቅምት ልነግርዎ እስክርቢቶ ይዤ ነበር። ግን ይህን ካወቁ ደብዳቤ አይመጣም። ሰው ስሜን ጽፎልኝ አያውቅም፤ ትንሽ ይቆይልኝ ብዬ ነው። ጥፋቴ ሁለት ሆነ።

ይህን ወረቀት ለኢንጂነሯ ይስጧት። የድሮዎቹ ችካሎች የነበሩበትን እያንዳንዱን ቦታ አውቀዋለሁ።

ፈርሜያለሁ።

ፀሐይወርቅ


ላፍቶ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ወጋየሁ

ሰባት ማክሰኞ አለፈ። ዙሌካ በመጀመሪያዎቹ፣ "የዛሬው አውቶብስ ዘግይቶ ነው" ትለኝ ነበር። አሁን ከሱቋ ስታየኝ ዕቃ መደርደር ትጀምራለች። እሷን አልፈርድባትም፤ የምትለው አልቋል።

መልስ ፈልጌ አይደለም የጻፍኩት። ወረቀቱ ለኢንጂነሯ መድረሱን ብቻ ባውቅ ጥሩ ነው። ለእርስዎ መጻፍ ከከበደዎ ለኑሪ በቃል ይንገሩት፤ እሱ ለዙሌካ ይነግራታል። አፏን አይቼ እረዳለሁ።

መኩሪያ ሰምቷል። ከእንግዲህ እህት የለኝም ብሎ አስልኮብኛል። መኖሬን ማስታወሱ ገረመኝ።

ፀሐይወርቅ


ወይራ አምባ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ሮ ፀሐይወርቅ

ጉዳዩ፦ ቦታ ማሳየትን ይመለከታል

ጥር 24 ቀን በጻፉት መሠረት ቀድሞ የተተከሉትን የዘጠኝ ችካሎች ቦታ የጥናት ባለሙያዋ ባለችበት ግንቦት 3 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደንገዞ ወንዝ ተገኝተው እንዲያሳዩ ኮሚቴው ይጠይቃል።

ወጋየሁ
የወይራ አምባ መንገድ ኮሚቴ ሰብሳቢ
(ማኅተም)


ላፍቶ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ወጋየሁ

በደኅና ገብቻለሁ። ጉልበቴ እስከ ትናንት አላስነሳኝም፤ ለዚህ ነው የዘገየሁት።

ያን ቀን ስላልተነጋገርን ያልተባለውን ልጻፍ። የአባቴ ቤት እንደፈረሰ ማንም አልነገረኝም ነበር። ምሰሶው እንኳ የለም። ጥሩ ነው፤ ቢኖር ኖሮ ችካሎቹን ትቼ እሱን አይ ነበር። እኔ በከዘራዬ ስጠቁም፣ እርስዎ እየተከተሉ በመዶሻ ሲመቱ፣ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አላዩኝም። የጨፌ ሰዎች ከመኩሪያ ጋር ማዶ ቆመው ነበር። አንዲቱ ሴት ጮክ ብላ ተናገረች፤ ባልሰማም አፏን አየሁት። "ያኔ ለአባትሽ ነቀልሽው፤ ዛሬ ለማን ትተክይዋለሽ?" ነው ያለችው። ከዘራዬን አንስቼ ወደሚቀጥለው ችካል አለፍኩ።

ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቅ ሲሉ እምቢ ብዬ መሄዴ ትዕቢት ተብሎ እንደሚወራ አውቃለሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እግርዎ ላይ ብወድቅ፣ ይቅር በላት እያሉ ያስገድዱዎት ነበር። እርስዎም ለሰው አፍ ብለው ይቅር ይሉኝ ነበር። እንዲያ ያለውን ይቅርታ ለራሴም አልፈልገው፣ ከእርስዎም አልዘርፈው። ያለ እሱ እኖራለሁ፤ ለምጄዋለሁ።

የአመለን አጥር አይቻለሁ። ማንም ሳይኖር ገብቼ ወጣሁ።

ከእንግዲህ አልጽፍም፤ የምጽፍበት ምክንያት የለኝም።

ፀሐይወርቅ


ወይራ አምባ፣ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፀሐይወርቅ፣

ኢንጂነሯ ለክታ ጨርሳለች። ዳገቱ ይሆናል ብላለች፤ ይሠራል አላለችም። ውሳኔው ከክረምት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ችካሉ ከቦታው እንዳይጠፋ አደራ ብላናለች።

ትናንት ጎርፍ ስድስተኛውን ወሰደው። ከልጆቹ ግማሾቹ ከጥቁሩ ድንጋይ በላይ ነበር ይላሉ፣ ግማሾቹ በታች። እኔ ያን ቀን መሬት መሬቱን እያየሁ ስለነበር አላስተዋልኩም። በላይ ነው በታች?

ወጋየሁ


ላፍቶ፣ ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ወጋየሁ

በላይ ነው። ጀርባዎን ለወንዙ ሰጥተው ድንጋዩ ላይ ሲቆሙ በቀኝዎ በኩል የተሰነጠቀ ቦታ አለው። ከስንጥቁ ጀምረው ወደ ኮርቻው አሥራ ሁለት እርምጃ ይቁጠሩ፤ በእርስዎ እርምጃ ሳይሆን በሴት እርምጃ፣ የእኔ ስለሆነ። አፈሩ እዚያ ላይ ቀላ ይላል። ጉድጓዱን ጠለቅ አድርገው ቆፍረው ዙሪያውን በድንጋይ ያጥብቁት፤ ያኔ እኔ በቀላሉ የነቀልኩት ስላልጠበቀ ነው።

ሰባተኛውም አያስተማምንም፤ ከበላዩ የውሃ መውረጃ አለ። ስምንተኛውን ከብት ይታከከዋል። ክረምቱ ገና መግባቱ ነው። የጠፋውን ሁሉ ይጠይቁኝ።

ፀሐይወርቅ